አፈሩ ለሳሳ እና ነፋስ ለሚበዛበት ጓሮ የሚስማሙ ተክሎች

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በ2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ አብዛኛው የጎንደር አካባቢ ሁሉ ዝናቡ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ቀሪዎቹ ወራት በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። በመኾኑም በክረምት የለመለመ ችግኝ ጸደቀ የሚባለው የመጀመሪያውን በጋ ሲሻገር ነው። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ የተክል ምርጫ የድካም እና የገንዘብ ጉዳይ ይኾናል።

አፈሩን መለየት

በተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ አፈሩ ስስ እና ድንጋያማ ስለሚኾን ውኃ አይዝም። በሜዳ ላይ የሚገኘው ዋልካ አፈር ደግሞ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ለመለየት ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት ይበቃል። ውኃው እስከ ማግስቱ ካልሰረገ ሥር ይታፈናል፤ ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከነፋስ የሚከልሉ ተክሎች

ቀድሞ የሚተከለው አጥር ነው። ነፋስን እያጣራ የሚያሳልፍ ሕያው አጥር፣ ነፋስን ከላዩ አሻግሮ ከሚያሽከረክር ድፍን ግንብ ይመረጣል፤ ጥቅሙም የቁመቱን 10 እጥፍ እስከሚያህል ርቀት ሊደርስ ይችላል። ክትክታ በተራቆተ መሬት ላይ ቀድሞ ከሚበቅሉት አንዱ ነው። አጋም እና ቀጋ በእሾሃቸው ከብት ይከለክላሉ፤ የበሰለ ፍሬያቸውም ይበላል። ወይራ እና ጽድ ድርቅን ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን እድገታቸው አዝጋሚ በመኾኑ ትዕግሥት ይሻሉ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ቢያድግም የአጎራባች ተክሎችን ውኃ ስለሚሻማ ለጠባብ ጓሮ አይመከርም።

በአጥሩ ከለላ ሥር የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም እና እሬት በድንጋያማ አፈር ይበቅላሉ። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን አይስማማቸውም። ጌሾ እና ቡና ጥልቅና ለም አፈር ስለሚፈልጉ ብስባሽ ለሚደርሳቸው የቤት ጥግ ይቆዩ።

አፈሩን ማዳበር

ግብጦ ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ አፈርን ያለማል። በጎጃም እና በአዊ አርሶ አደሮች ለምነቱ በተሟጠጠ ማሳ ላይ ይዘሩታል። ፍሬው መራራና ጎጂ ንጥረ ነገር ስላለው ተቀቅሎ፣ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት ሳይዘፈዘፍ አይበላም። እንደ ዳባት እና ደባርቅ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ኹለቱም ውኃ ለሚያቁር ዋልካ አይኾኑም፤ በዚያ ሽምብራ እና ጓያ ይሻላሉ።

አተካከል

ጉድጓዱ ቀደም ብሎ ተቆፍሮ በብስባሽ የተደባለቀ አፈር ይሞላል። ተከላው ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይከናወናል። የችግኙ ፕላስቲክ መውለቅ አለበት። ከረጅም ችግኝ ይልቅ አጭሩና ሥሩ ያልተጠማዘዘው በነፋስ አይናጋም። በተዳፋት ላይ ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ እርከን ይሠራል። ዝናቡ ሳያባራ፣ በመስከረም ዙሪያውን በደረቅ ሳር መሸፈን እርጥበቱን ያቆያል። ሳሩ ግን ግንዱን መንካት የለበትም።