የሕፃናት የመተንፈስ ችግር

የሕፃናት የመተንፈስ ችግር አንድ ሕፃን በቂ አየር ለማግኘት ከወትሮው በላይ ሲታገል የሚታይ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ከመንስኤዎቹ መካከል ጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ አስም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ሕመምና ወደ አየር ቧንቧ የገባ ባዕድ ነገር ይገኙበታል። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ የሳንባ ምች ግን ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው።

የትንፋሽ ቆጠራ

ሕፃኑ ተረጋግቶ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ የደረቱ ወይም የሆዱ እንቅስቃሴ ለ1 ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው፦

• ከ2 ወር በታች፦ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ
• ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 እና ከዚያ በላይ
• ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ

ፈጣን ትንፋሽ ያለው ሕፃን በዕለቱ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

አስቸኳይ ምልክቶች

መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደንዘዝ ወይም ራስን መሳት፣ የከንፈር መጥቆር፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማቃሰት፣ እንዲሁም ሕፃኑ ሳያለቅስ አየር ሲያስገባ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ አደገኛ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ከ90 በመቶ በታች ከሆነም ሕፃኑ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል። ከ2 ወር በታች ባለ ጨቅላ ፈጣን ትንፋሽ ወይም የደረት ክፉኛ ወደ ውስጥ መሰርጎድ ብቻውን አስቸኳይ ነው።

ስፔሻሊስት የሚያስፈልግበት ጊዜ

አስቸኳይ ባይሆኑም የሚከተሉት የሕፃናት ስፔሻሊስት ሐኪም ምርመራ ይሻሉ፦

• ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል
• የሚመላለስ የሳንባ ምች
• በተለይ ሌሊት የሚመላለስ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ (የአስም ምልክት ሊሆን ይችላል)
• ሲጠቡ መድከምና ማላብ፣ ክብደት አለመጨመር (የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል)

ሕፃኑ ቆሎ ወይም ባቄላ ሲበላ በድንገት ትን ብሎት ሳል ከጀመረው፣ ሳሉ ጋብ ቢልም ሳይዘገይ ሆስፒታል መታየት አለበት፤ ፍሬው ሳንባ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና።

በምዕራብ ሸዋ

በጄልዱ ወረዳ በምትገኘው ጎጆና በአካባቢው እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ሕክምና ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕፃን አምቦ ወዳሉት ሆስፒታሎች፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወዳሉት እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ሊላክ ይችላል። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ምልክቶቹን ቀድሞ መለየት ሕይወት ያድናል።

መከላከያ

የሳንባ ምች መንስኤ የሆነውን ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባቶች ውስጥ የገባው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በደጋው ብርድ ሕፃናት እሳት ዳር ስለሚውሉ ከማገዶ ጭስ ማራቅም ይረዳል። ለሳል ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ግን በሽታውን አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል።