ክልላዊ ማደንዘዣ ከክፍት የጉበት ቀዶ ሕክምና በኋላ

ክልላዊ ማደንዘዣ ከአንድ የሰውነት ክፍል ወደ አንጎል ሕመምን የሚያደርሱ ነርቮችን በመድኃኒት ለጊዜው የማደንዘዝ ዘዴ ነው። በክፍት የጉበት ቀዶ ሕክምና ከሙሉ ሰመመን ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዓላማው ታካሚው ከነቃ በኋላ ባሉት ቀናት የሚሰማውን ሕመም መቀነስ ነው።

የሕመሙ ምንጭ

ሆድ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ የጎድን አጥንቶች ሥር በሚያልፍ ረጅም ቅድ ነው። ሕመሙ ከተቀደደው የሆድ ግድግዳና ከውስጥ አካላት ይመነጫል። ካልተገታ ታካሚው በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ስለሚያቅተው ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

ዘዴዎች

• ኤፒዱራል፦ በደረት አከርካሪ አጥንቶች መካከል በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት ውስጥ መድኃኒት ለቀናት ይሰጣል። በሁለቱም የሕመም ምንጮች ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል።

• የኅብለ ሰረሰር ሞርፊን፦ ሞርፊን በወገብ በኩል ኅብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ይወጋል። እስከ 24 ሰዓት ገደማ ያስታግሣል። ማሳከክና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል፤ አልፎ አልፎ ትንፋሽ ዘግይቶ ሊዳከም ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

• የሆድ ግድግዳ ነርቮች ማደንዘዣ፦ በአልትራሳውንድ እየታየ በሆድ ጡንቻዎች መካከል ይሰጣል። የቁስሉን ሕመም ይቀንሳል እንጂ የውስጥ አካላትን ሕመም አያስታግሥም።

• የኢሬክተር ስፓይኒ ማደንዘዣ፦ አከርካሪን ደግፎ ከሚይዘው የጀርባ ጡንቻ ሥር ይሰጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተገለጸ አዲስ ዘዴ ነው።

• የቁስል ቱቦ፦ ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ሲዘጋ የሚያስቀምጠው ሲሆን፣ ማደንዘዣው በቀጥታ ወደ ቁስሉ ይፈስሳል።

ንጽጽር

ኤፒዱራል ለረጅም ጊዜ የሌሎቹ ዘዴዎች መመዘኛ ሆኖ ቆይቷል። ሆኖም ለደም መርጋት የሚያስፈልጉትን አብዛኞቹን ፕሮቲኖች የሚሠራው ጉበት ራሱ ነው። ሰፊ ክፍሉ ሲወጣ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የደም የመርጋት አቅም ሊቀንስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የኤፒዱራሉ ቱቦ ቢነቀል የሚፈስሰው ደም ተጠራቅሞ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫንና ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። አደጋው እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም ከባድ ስለሆነ፣ ቱቦው ከመነቀሉ በፊት የደም መርጋት ምርመራ ይደረጋል፤ ውጤቱ እስኪስተካከልም ሊዘገይ ይችላል።

የሆድ ግድግዳ ማደንዘዣና የቁስል ቱቦ ከኅብለ ሰረሰር ስለሚርቁ ይህ ስጋት የለባቸውም፤ ግን ብቻቸውን ስለማይበቁ ከሌሎች ማስታገሻዎች ጋር ይሰጣሉ። ቡፒቫኬይንና ሮፒቫኬይን የተባሉት ማደንዘዣዎች የሚብላሉት በጉበት በመሆኑም መጠናቸው በጥንቃቄ ይወሰናል። ስለዚህ ምርጫው የሚወጣውን የጉበት መጠን፣ የታካሚውን የደም መርጋት ሁኔታና የሆስፒታሉን የክትትል አቅም ያገናዘበ ነው።