ከመኪና ላይ ስቲከር ማንሳት፦ ቀለሙ ሳይጎዳ እንዴት?

ያገለገለ መኪና ሲገዙ የቀድሞው ባለቤት ምልክት አብሮ ሊመጣ ይችላል። መኪናው የድርጅት ከነበረ በበሮቹና በኋላው ላይ የድርጅቱ ስምና ስልክ ቁጥር ይኖራል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ቪኒል ከሚባል ስስ ፕላስቲክ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። በዕብራይስጥ ማድቤካ ይሉታል። የተለጠፈ ነገር ደግሞ ይነሳል። ችግሩ ያለው አነሳሱ ላይ ነው። በቢላዋ የፋቀ ወይም በቲነር ያሸ ሰው ስቲከሩን ለማንሳት ብሎ የመኪናውን ቀለም አብሮ ያነሳል። በር ማስቀባት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መኪናው ሲሸጥም ዋጋውን ይቀንሳል።

ቀለሙ ለምን በቀላሉ ይጎዳል?

የመኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከብረቱ ላይ መጀመሪያ ማያያዣ፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም፣ ከላይ ደግሞ የሚያብረቀርቀው መከላከያ ሽፋን ይቀባል። የመጨረሻው በዕብራይስጥ ላካ ይባላል። በፋብሪካ የተቀባው ቀለም ሁሉም ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ላካው ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ በብረት አንድ ጊዜ መፋቅ እንኳ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ የፊደሉን ጠርዝ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጠርዙ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ስቲከር ነው። ምንም ካልተሰማዎ በቀለም የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል አይነካኩት።

ቀጥሎ በሩ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እንደገና ተቀብቶ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። ቀለሙ ከጎረቤቱ በር ትንሽ የሚለይ ከሆነ ወይም በመስኮቱ ጎማ ላይ የቀለም ፍንጣቂ ካለ ተቀብቷል ማለት ነው። እንደገና የተቀባ ቀለም እንደ ፋብሪካው አጥብቆ ላይዝ ስለሚችል ከስቲከሩ ጋር ሊላጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ሥራው በጥላ ሥር፣ በጠዋት ወይም ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል። በበጋ ቀትር ብረቱ ከመጠን በላይ ስለሚግል ሙጫው ቀልጦ መኪናው ላይ ይቀራል። በብርድ ደግሞ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይሰባበራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የፀጉር ማድረቂያ (ፔን)፣ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ፣ ለስላሳ ጨርቆች፣ የመኪና ሳሙና፣ እንዲሁም ሙጫ ማስለቀቂያ ናቸው። ማስለቀቂያውን ሲገዙ “ሜሲር ዴቬክ” ብለው ይጠይቁ፤ ለመኪና ቀለም የሚሆን መሆኑንም ያረጋግጡ።

አሠራሩ

1. ቦታውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። አቧራ ከቀረ በጨርቁ ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

2. ፔኑን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቀው አንድ ቦታ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ ያሙቁት። መጠኑን በእጅዎ ጀርባ ይለኩ፤ ሙቀቱ ተሰምቶዎት እጅዎን ማቆየት ከቻሉ ይበቃል። ማቃጠል ከጀመረ በዝቷል። ቀለም መላጫው የሙቀት ሽጉጥ ላካውን ሊያቆስልና የፕላስቲክ መከላከያውን ሊያጣምም ስለሚችል ላልለመደ ሰው አይሆንም።

3. አንዱን ጥግ በጥፍር ወይም በካርዱ ያንሱ። ከዚያ ስቲከሩን ወደ ራስዎ ሳይሆን በራሱ ላይ መልሰው እያጠፉ፣ ከብረቱ ሳያርቁ፣ በዝግታ ይሳቡ። ከተወጠረ ወይም መቀደድ ከጀመረ ቆም ብለው እንደገና ያሙቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እዚህም እንደዚያው ነው።

4. ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያንሱ። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ስቲከር በትናንሽ ቁርጥራጭ ስለሚወጣ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ደከም ካለዎ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

5. የቀረውን ሙጫ ለማንሳት ማስለቀቂያውን በመጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ውስጥ፣ ይሞክሩ። ቀለሙ ካልደበዘዘና ጨርቁ ላይ ካልወጣ ጨርቅ አርሰው ሙጫው ላይ ያድርጉ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው በቀስታ ይጥረጉ። ጨርቁ ሲቆሽሽ ይቀይሩ። የምግብ ዘይትም ሙጫን ያለሰልሳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

6. በሳሙና አጥበው አድርቀው የመኪና ሰም ይቀቡ።

የስቲከሩ ጀርባ ላይ የመኪናውን ቀለም ካዩ ወዲያው ያቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው።

የማይነኩ ነገሮች

የብረት ምላጭ፣ ሽቦ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሻካራ ጎን፣ ቲነር፣ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ (አሴቶን) ቀለም ላይ አይጠቀሙ። የኋላ መስታወት ከውስጥ በኩል የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ጉም ማጥፊያ ናቸው፤ በምላጭ ከተቆረጡ አይሠሩም። በሾፌሩ በር አካባቢ የተለጠፈው የጎማ ንፋስ መጠን የሚነግር ወረቀትም ይቆይ፤ ያስፈልግዎታል።

ለራስዎ ጥንቃቄ

ማስለቀቂያ ፈሳሽ እሳት የሚይዝ ሊሆን ስለሚችል ከቀቡ በኋላ ፔን አያብሩ፣ ሲጋራም አያጭሱ። ጓንት ያድርጉ፤ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሥሩ። ፔኑን በረጠበ እጅ አይያዙ፤ ገመዱም ውኃ ላይ አይረፍ።

ጥላው ቢቀርስ?

ስቲከሩ ተነስቶ የፊደሉ ቅርጽ ሊታይ ይችላል። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ዙሪያው ያለው ቀለም በፀሐይ ሲደበዝዝ ከስቲከሩ ሥር ያለው እንደ አዲስ ስለቆየ ነው። ስለዚህ አጥብቀው አይሹት። ባለሙያ በፖሊሽ ቢያሸው ልዩነቱ ይቀንሳል፤ በጣም በደበዘዘ መኪና ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ይህን ማወቅ በዋጋ ለመከራከርም ይረዳዎታል።