የኩላሊት ሕመምና የጡንቻ መመንመን፦ ማወቅ ያለብን

በየካምፑ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ ካኩማ ሳይንስ የማስተምር ነኝ። ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ኩላሊታቸውን ካመማቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በቀደም ጀሪካን ለማንሳት ሞክረው አቃታቸው። ትከሻቸውን አይቼ «ጋሼ፣ በጣም ከስተዋል» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እግሬ እንዲህ አብጦ እያየህ ከስተዋል ትለኛለህ?» አሉኝ።

ሁለቱም ነገር እውነት ነበር። ከጤና ሠራተኞች ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ጡንቻ ለምን ይቀንሳል?

የኩላሊት ጉዳት ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ስር የሰደደ ይባላል። ስኳርና ደም ግፊት ዋነኞቹ መነሻዎች ናቸው። ኩላሊት ከቆሻሻው ሌላ ትርፍ አሲድም ያስወግዳል። ሲደክም አሲዱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያኔ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል። የተጠራቀመው ቆሻሻ ደግሞ ያቅለሸልሻል፣ የአፍን ጣዕም ያበላሻል፣ ምግብ ያስጠላል። ሰውየው ሲደክመው ይተኛል፤ ያልሠራ ጡንቻ ደግሞ ይሟሽሻል። የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ያሉ ሰዎችም በእያንዳንዱ እጥበት ጊዜ ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ይወጣባቸዋል።

ሚዛንና ምርመራ ሊያታልሉ ይችላሉ

ሰውነት ውኃ ሲይዝ ኪሎ አይቀንስም፤ ሥጋው ግን ከስር ያልቃል። ስለዚህ እግርን ብቻ አትዩ፤ ክንድን፣ ትከሻን፣ ከዓይን ጎን ያለውን ቦታ ተመልከቱ። ሌላም አለ፦ ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ የሚለካው ነገር የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲያንስ ቁጥሩም ይወርዳል፣ ኩላሊቱም ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። ከከሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል መለኪያም አለ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ነው። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የጡንቻ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል።

«ፕሮቲን ቀንስ» ማለት «ተው» ማለት አይደለም

ጋሼ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፕሮቲን ቀንሱ ሲባሉ ክኩንም ባቄላውንም ጨርሰው ተዉት። የሚበሉት የማሽላ ገንፎና ሻይ ብቻ ሆነ። «ለእኔ ከተከለከለ የልጅ ልጆቼ ይብሉት» አሉ። ራሽን ባነሰበት ጊዜ ይህን ማን ይወቅሳል? ግን ሰውነታቸው የራሱን ጡንቻ እየበላ ነበር።

እጥበት ለማያደርግ አዋቂ በብዛት የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 48 ግራም ማለት ነው። እጥበት ለሚያደርግ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው። ለከሳ ወይም ለደከመ አረጋዊ ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ 100 ግራም ደረቅ ክክ ከ20 ግራም በላይ፤ 100 ግራም ማሽላ 10 ግራም ገደማ። የእናንተን ልክ የሚወስነው ግን ክሊኒኩ ነው።

ፕሮቲኑ ብቻውንም አይበቃም። ማሽላውና ዘይቱ ጉልበት ካልሰጡ ሰውነት ፕሮቲኑን እንደ ማገዶ ያነደዋል። ፖታሲየም ከፍ ብሏል የተባለ ሰው ስለ ጥራጥሬ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጥቂት ይቀንሰዋል። ጨው ቀንሱ። አሲድ ለመቀነስ ብላችሁ ቤኪንግ ሶዳ በራሳችሁ አትጠጡ፤ እብጠትና ግፊት ሊያባብስ ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ጾመኞች ደግሞ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ። በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

መንቀሳቀስ

አቅም በፈቀደ መጠን በጠዋቱ ቅዝቃዜ መራመድ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ይረዳል። በጥቂቱ ጀምሩ። ደረት ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ካዞራችሁ አቁሙ።

ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ የሚያስኬዱ፦ ሽንት በጣም መቀነስ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቆም ትውከት፣ መቃዠት፣ ድንገተኛ የጡንቻ መዛል።

ጋሼ ክሊኒክ ተመልሰው ልካቸው ተነግሯቸዋል፤ አሁን ክካቸውን በሲኒ ሰፍረው ይበላሉ። ጀሪካኑን ገና አላነሱም። ጠዋት ጠዋት ግን ከወንበራቸው ስምንት ጊዜ ይነሳሉ፤ የምቆጥርላቸው እኔ ነኝ።

እናንተም ቤታችሁ ያለውን ሕመምተኛ ምን እንደበላ ጠይቁት፤ ሳህኑንም እዩ። ፈጣሪ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን።