የጃፓን የነሐስ መስተዋት ፊቱና ጀርባው

ዛሬ መስተዋት ሲባል ወደ አሳባችን የሚመጣው ብርጭቆ ነው። በጃፓን አገር ግን መስተዋት ለብዙ መቶ ዓመታት ይሠራ የነበረው ከነሐስ ነው። ባለሙያው መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ ያፈስሳል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ፊቱን ፍቆ በባዜቃና በቆርቆሮ እየወለወለ ያበራዋል። በጀርባው ደግሞ ጥድ፣ ቀርከሃ፣ ኤሊና ይህን የመሰለ የመልካም ምኞት ሥዕል ይወጣበታል።

ጥበቡ ወደ ጃፓን የተሻገረው ከቻይና ነው። የቻይና ታሪክ እንደሚነግረን በ3ኛው መቶ ዓመት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የዌይ ንጉሥ ሂሚኮ ለተባለችው ንግሥት 100 የነሐስ መስተዋት በስጦታ ልኮላታል። መስተዋት በዚያ ዘመን የታላላቆች ክብር ስለ ነበር ከባለቤቱ ጋር ይቀበር ነበር። በናራ አውራጃ በቴንሪ ከተማ ያለው የኩሮዙካ መቃብር በ1997 እና በ1998 ሲቆፈር ከ30 የሚበልጡ መስተዋቶች ተገኝተውበታል።

የጥንቶቹ መስተዋቶች ክብ ናቸው፤ በጀርባቸውም መካከል ገመድ የሚገባበት ጉብታ አላቸው። እጀታ ያለው የእጅ መስተዋት የመጣው በሙሮማቺ ዘመን (1336–1573) ነው። በኢዶ ዘመን (1603–1868) ግን በተራው ሰው ቤት ሳይቀር ይገኝ ጀመር።

የድሮ መስተዋት የሚሰበስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚመለከቱት ጀርባውን ነው። በብዙዎቹ ላይ «ቴንካ ኢቺ» ማለት «ከሰማይ በታች አንደኛ» የሚል ጽሕፈት ከሠሪው ስም ጋር ይነበባል። ይህ በመጀመሪያ ገዦች ለተመረጡ ባለሙያዎች የሚሰጡት ማዕረግ ነበር። ኋላ ግን ያልተሰጠውም ሁሉ ይጽፈው ጀመር፤ ከዚህም የተነሣ በ1682 ተከለከለ። ይሁን እንጂ ከክልከላው በኋላም ተመልሶ ተጽፏል። ስለዚህ ይህን ቃል ብቻ አይቶ የመስተዋቱን ዕድሜ የሚቈርጥ ሰው ይሳሳታል፤ ሥዕሉን፣ የእጀታውን ቅርጽና የነሐሱን ሁኔታ አብሮ መመርመር ይገባዋል።

ከ1868 በኋላ የብርጭቆ መስተዋት እየበዛ ሲሄድ የነሐሱ ሥራ እጅግ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጠላቱ ፍቅር ያለበት ስሕተት ነው፤ ያገኘው ሰው እንደ አዲስ እንዲያበራ ብሎ አጥብቆ ይፍቀዋል። በዚህም ጊዜ የዘመን ብዛት ያለበሰው ቀለም ይገፈፋል፤ የጽሕፈቱና የሥዕሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ምስክሩም ይጠፋል። ፊታችንን የሚያሳየን ሌላ መስተዋት ሞልቷል፤ የሠሪውን ስም የያዘው ጀርባ ግን አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። አሮጌ ዕቃ በእጃችን ሲገባ ከማጽዳት በፊት ማንበብን እንልመድ።