ቁራሽና ቅኔ

አንድ ልጅ ከአባቱ ቤት ጠፍቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ በትከሻው አንግቦ ወደማያውቀው አገር ሲሰደድ ምን ይሻ ነበር? ሹመት ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን የቆሎ ተማሪው ታሪክ ከዚህ የተለየ መልስ ያለው ይመስለኛል።

ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዋድላም ቢሆን፣ የቅኔ ቤት ማለት በመምህሩ ዙሪያ የተሰበሰቡ ጎጆዎች ነበሩ። የምስክር ወረቀት አይሰጥበትም። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ይመለስና ለመምህሩ የሚያቀርበውን ቅኔ ሲያሰላስል ያመሻል። ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ከቻለ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የትናንቱን መድገም አይፈቀድም፤ የሌላውን መስረቅም ነውር ነው። ጓደኞቹ ሰሙን ከወርቁ ለይተው ሲያደንቁለት፣ መምህሩም አንገታቸውን ሲነቀንቁ፣ የዕለቱ ረኃብ ይረሳል።

ቁራሹን የምትሰጠው ባልቴት ፊደል አትለይም። ሆኖም «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከደጇ ስትሰማ ባዶ እጁን አትመልሰውም። ልጁን ያስተማረው አባቱ ሳይሆን መንደሩ ነው ማለት ይቻላል። (ባህሉን ግን አላስውበውም፤ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከደጅ የቀሩበት ነበር። ዐይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣውም ስለዚሁ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ የቤተ ክህነትን ስጋት ለማብረድ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች መጡ። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልግ ስለነበር የውጭ ቋንቋ ትልቅ ስፍራ ተሰጠው። በ1925 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ተማሪውን የሚያተጋው ከሁሉ በላይ የቢሮ ወንበርና ደመወዝ ሆነ። ወንበሩ ሲሞላስ? በ1974 መባቻ መምህራን የትምህርት ማሻሻያውን ጥናት ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ብዙ ወላጆች የድሃ ልጅ መንገድ ሊዘጋበት ነው ብለው ፈርተው ነበር። የተፈራው የቅኔው መጥፋት አልነበረም፤ የእንጀራው መንገድ እንጂ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በሁለቱም በር አልፈዋል። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ አዲስ አበባ ዘመናዊውን ቀጥለው፣ በዲፕሎማትነት ባሕር ማዶ ኖረዋል። በ1958 ዓ.ም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ግን ዋናው ሰው አድርገው ያቆሙት በዛብህን ነው፤ የአብነት ትምህርት ቤቱን ልጅ።