ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች

መርካቶ ዙሪያ ያደግን ልጆች «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ብዙም አንጠይቅም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ሳይጨምር ቆየ። ድሃው እፎይ አለ። በላቡ የሠራውን ቤት የተነጠቀው ጎረቤት ግን ሐቁ ነበር፤ ይህንንም አንሸፋፍነው። በዚያ ኪራይ ጣሪያ አይታደስምና ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ቤተሰቡ ሲበዛ ቆጥ ተሠራ። ውሃውም መጸዳጃውም የጋራ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዱ ቤት ለሱሑር ሲነሳ ግቢው በሙሉ ይነቃል። ኋላ መልሶ ማልማት ሲመጣ ቅድሚያ ክፍያ የቻለ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ያልቻለ ሌላ የቀበሌ ቤት ተሰጠው። የአንድ ግቢ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበተንን። አሁን ለሱሑር የሚቀሰቅሰን ስልካችን ነው።